እሩሯን በኪሱ

በዓለም ላይ የማይሰበሰብ ነገር የለም። ቴምብር የሚሰበስብ አለ፤ የክብሪት ቀፎ የሚሰበስብ አለ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ሬዲዮ እየገዛ ሳሎኑን መተላለፊያ ያሳጣ ሰው አውቃለሁ። አንድ ወዳጄ ያጫወተኝ ግን ከሁሉም ይብሳል። ፈረንጅ አገር፣ ስለ ጎልፍ ጨዋታ የተጻፉ አስቂኝ የግጥም መጻሕፍትን ብቻ እያደኑ የሚገዙ ሰዎች አሉ። ልብ በሉ! የግጥም መጽሐፍ ሁሉ አይደለም። አስቂኝ ግጥም ሁሉም አይደለም። ስለ ጎልፍ የተጻፈ፣ የሚያስቅ፣ ያረጀ፣ ከገበያም የጠፋ መሆን አለበት። አራቱን ካላሟላ አይነኩትም።

"ጥጋብ ነው" ብዬ ሳቅሁ። በኋላ ነገሩን ስከታተለው ግን ሰዎቹ ያን ያህል የሚሳቅባቸው እንዳልሆኑ ገባኝ። ለካ ስለ ጎልፍ ብቻ ተጽፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው መጽሐፍ ራሱ የቀልድ ግጥም ኖሯል። ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤድንብራ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1743 ነው የታተመው። ርዕሱ "ዘ ጎፍ" ነው። ገጣሚው ቶማስ ማቲሰን ይባላል፤ በሕግ ሙያ ጀምሮ ኋላ ቄስ የሆነ ሰው ነው። የእነ ሆሜርን የጦር ሜዳ ወግ ተውሶ፣ ከትንሽ ኳስ ኋላ የሚሮጡ ጎልማሶችን ልክ ትሮይን እንደሚወጉ ጀግኖች አድርጎ ይሥላቸዋል። ስስ መጽሐፍ ናት። በ1763 እና በ1793 እንደገና ታተመች፤ ከዚያ እየተነበበች፣ እየተቀደደች አለቀች። ዛሬ የመጀመሪያው እትም አንዱ ቅጂ ለሐራጅ ሲወጣ በአሥር ሺዎች ዶላር ይጫረቱበታል።

ለምን? ግጥሙ ይህን ያህል ስለሚያስቅ አይደለም። ግጥሙን ማንም ሰው ዛሬ በነፃ ሊያነበው ይችላል። ዋጋው የወጣው ሌላው ሰው ስለሌለው ነው።

ሳቄን ያስቆመኝ ይህቺ የመጨረሻዋ ነገር ናት። እኔም አንድ ካርቶን አለኝና።

ካርቶኔ ውስጥ ያሉት የቀልድና የጨዋታ ግጥም መጻሕፍት ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢና አራት ኪሎ ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ስለቅም የኖርኩት ነው። ሽፋናቸው የተገነጠለ የአለቃ ገብረ ሐና ቀልዶች አሉ። (ስለ አለቃ በጨረፍታ ልበል፤ የፎገራው ሊቅ የተክሌ አቋቋም የሚባለው ዝማሜ ከእርሳቸውና ከልጃቸው ከተክሌ ጋር የተያያዘ ታላቅ የዜማ ሰው ናቸው። ሕዝቡ ግን ሊቅነታቸውን ለቤተ ክህነት ትቶ ቀልዳቸውን ወሰደ፤ እርሳቸው ያልተናገሩትንም ሁሉ ጨመረላቸው።) የሰርግ ግጥም ስብስቦች አሉ፤ የእንካ ስላንትያ አለ፤ ማን እንዳሳተማቸው የማይታወቁ ቀጫጭን ጥራዞች አሉ።

አንድ ነገር ከልምድ ተምሬያለሁ። በአገራችን ቁምነገረኛ መጽሐፍ አይጠፋም። የድሮ ሹማምንት ንግግር፣ የአምስት ዓመት እቅድ፣ የጉባኤ ሪፖርት በየመደርደሪያው ሞልቷል፤ ማንም ስለማያነበው አዲስ እንደሆነ ይኖራል። የሚያስቅ መጽሐፍ ነው የሚጠፋው። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ጠጅ ቤት ይገባል፣ ቅጠሉ ይረግፋል፣ በመጨረሻ የስኳር መጠቅለያ ይሆናል። እንግዲህ እኔ የምሰበስበው ሰው ወዶት የጨረሰውን ነገር ትርፍራፊ ነው ማለት ነው።

"ከኤድንብራ ተነስተህ አራት ኪሎ ደረስክ፣ ቀጥሎስ ወዴት ነው?" የሚል አይጠፋም። ወደ ቆቦ ነው።

ትንሽ ኳስ በቆልማማ ዱላ መምታትና በዚያው ላይ ግጥም መግጠም የስኮትላንዶች ብቻ ሥራ አይደለም። እኛም ገና አለን። ቆቦ ላደገ ሰው ገና ማለት ከጾሙ መፍቻ በፊት ሜዳው ነው። አገሩ ቆላ ነው፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የግዳን ደጋ፣ መካከል ላይ ለጥ ያለው የራያ ሜዳ። ታኅሣሥ ሲጋመስ ማሽላው ታጭዶ መሬቱ ይገለጣል። ያኔ ልጁም ጎልማሳውም ዱላውን ቆርጦ፣ በእሳት እየለበለበ ጫፉን አጉብጦ ይወጣል። ኳሷ እሩር ትባላለች። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ይከፈላሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይጫወታል፤ በሜዳው ላይ የሚጠየቀው የየትኛው ሰፈር እንደሆንክ ብቻ ነው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ያሸነፈው ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። የዚያን ዕለት ስድብ አያስቀይምም። ጌታው ይሰደባል፣ ጭቃ ሹሙ ይሰደባል፣ ንፉጉ፣ ፈሪው፣ አዲስ ሙሽራው ሁሉ ይሰደባል። በነጋታው የተሰደበው ሰው ራሱ እየሳቀ ሲደግመው ይሰማል።

አንድ የቆቦ መምህር እነዚህን ግጥሞች ሰበሰቧቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ ዝናን የሚሹ ሰው አልነበሩም። ጊዜው 1970ዎቹ ነው። ከ1971 ጀምሮ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አገሩ ሁሉ በየጥላው ሥር ፊደል የሚቆጥርበት ወቅት ነበር። መምህሩ ማታ ማታ ሽማግሌዎችን እየጠየቁ የገናን ግጥም ጻፉ፤ በስቴንስል ቆርጠው፣ በትምህርት ቤቱ ማባዣ አባዙት። 28 ገጽ ናት። ቀለሟ ደብዛዛ፣ ዳርና ዳሯ በሽቦ የተሰፋ። አማርኛው እንደ ራያ ሰው አንደበት ነው፤ ትግርኛም ኦሮምኛም ጣልቃ እየገባ ይሄዳል። እንዲህ የምትል አለችበት፦

የላይ ሰፈር ጀግና ሮጦ ሮጦ ሮጦ፣
እሩሯን ፈለጋት በኪሱ አስቀምጦ።

ጥቂት ደርዘን ቅጂ ነበር የተባዛው። ሕጉ በአገር ውስጥ የታተመ ሁሉ ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ ለወመዘክር፣ ቅጂ ይግባ ይላል። ነገር ግን በቆቦ ትምህርት ቤት ማባዣ የተባዛ ወረቀት ማን ብሎት ወመዘክር ይገባል?

እኔ አንዱን ቅጂ ለዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ ከመምህሩ ተዋስኩት። ተዋስኩት ነው የምለው። በውስጥ ሽፋኑ ላይ በእርሳስ "አንብበህ ስትጨርስ ለቤቱ" ብለው ጽፈውበታል፤ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ማለታቸው ነው። አልመለስኩም። መጽሐፍ ተውሶ መመለስ እንደ ሞኝነት በሚቆጠርበት ከተማ ኖርኩና እኔም ሞኝ መሆን አልፈለግሁም። መምህሩ ዐረፉ፤ መጽሐፏ ካርቶኔ ውስጥ ቀረች።

አሁን የማወራው ነገር የሚያኮራኝ አይደለም።

በ2013 ሐምሌ ጦርነቱ ቆቦ ገባ። በዚያ ጊዜና ከዚያ በኋላ በከተማዋና በዙሪያዋ የሆነውን የማያውቅ የለም፤ ጳጉሜን ላይ በየቤቱ የወረደውን ሐዘን እዚህ በመጽሐፍ ጨዋታ መካከል አልከፍተውም። ወራት ሙሉ ስልክ አልነበረም። በ2014 ታኅሣሥ ስልክ ሲመለስ፣ መጀመሪያ የሰው ስም እየጠራን፣ ማን አለ ማን የለም ስንባባል ከረምን። ከብዙ ቀን በኋላ፣ ከአንድ አብሮ አደጌ ጋር ስናወራ ወሬው ወደ ዕቃ ዞረ። የትምህርት ቤቱ የመጻሕፍት ክፍል ባዶ መቅረቱን ነገረኝ። ያቺ በሽቦ የተሰፋችው የገና ግጥም ከነበሩበት መደርደሪያ ጋር መሄዷን፣ በየሰው ቤት የነበሩትም በሽሽቱ መካከል መጥፋታቸውን ነገረኝ።

እኔም "አይ!" አልኩ። በአፌ። በውስጤ ግን አንድ ነገር ብልጭ አለ። "እንግዲህ ያለችው የእኔዋ ብቻ ናት።" ደስታ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ምናልባት ሁለት ሴኮንድ ቢቆይ ነው። አብሮ አደጌ በስልኩ ወዲያ ማዶ ዝም ብሎ ይተነፍሳል፤ እኔ የንብረቴ ዋጋ ሲጨምር ይታየኛል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ሳገላብጠው ኖሬያለሁ። ክፉ ሰው ስለሆንኩ ነው? ሊሆን ይችላል፤ ግን እንደዚያ ብሎ መገላገል ይቀላል። የመሰብሰብ ጠባይ ራሱ ይመስለኛል። ምግብ የሚወድ ሰው ጎረቤቱ ሲራብ የእንጀራው ጣዕም አይጨምርም። ሙዚቃ የሚወድ ሰው ሌላው ካልሰማ አይደለም የሚደሰተው። ብርቅ ነገር የሚሰበስብ ሰው ግን "ብርቅ" የሚለው ቃል ውስጥ የሌላው ሰው ማጣት አለበት። የአንዱ ቅጂ መቃጠል ለሌላው ቅጂ ባለቤት ሁልጊዜ የምሥራች ነው፤ ቢፈልግም ባይፈልግም። የሚለያየው ሰውየው ያን የምሥራች ምን ያደርገዋል በሚለው ነው።

የበዓሉ ግርማን "ኦሮማይ" አስታውሱ። በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 የካቲት ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ያለው ሰው እንደ ወርቅ ደበቀው። ያን ዘመን መደበቁ ጀግንነት ነበር። ደርግ ወድቆ መጽሐፉ እንደገና ሲታተም፣ በየመንገዱ ዳር ሲቸረቸር፣ አንድ የማውቀው ሰው "አበላሹት" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምኑን ነው ያበላሹት? ሕዝቡ ሁሉ አነበበው። እንዴ! ይህ ሰው ለካ ሲጠብቅ የኖረው መጽሐፉን ሳይሆን የሌላውን ሰው አለማንበብ ነበር። ያኔ ፈረድኩበት። ዛሬ አልፈርድበትም።

"ግን እኮ" ይላል በውስጤ ያለው ጠበቃ፣ "አንተ ባትወስዳት ኖሮ ዛሬ አንዲትም አትተርፍም ነበር።" እውነቱን ነው። የሚያስቸግረኝም እውነት መሆኑ ነው። ትዝ ሲለኝ ግን ይህን ክርክር ከሌላ አፍ ሰምቼዋለሁ። በ1860 ሚያዝያ መቅደላ ሲወድቅ፣ ቀድሞ በአሸንጌ በኩል ከራያ በላይ ያለውን ደጋ አቋርጦ የመጣው የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ፤ እዚሁ ወሎ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሻሻጠው። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆምዝ ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ሙዚየሙ ገቡ፤ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ አሉ። በጥሩ ሁኔታ አሉ። "እዚያው ቢቀሩ ይጠፉ ነበር" የሚል ሙግት ሲቀርብ ደማችን ይፈላል፤ የሚፈላውም በከንቱ አይደለም።

ነገሩ ግን ወደ ኋላም ይሄዳል። መጻሕፍቱ መቅደላ እንዴት ደረሱ? አፄ ቴዎድሮስ በ1859 ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ወስደዋቸው ነው። እርሳቸውም መቅደላ ላይ ለሚያሠሩት መድኃኔ ዓለም፣ ለታላቅ ቤተ መጻሕፍት ብለው ነው። ከአንድ ሰብሳቢ ሌላ ሰብሳቢ ወሰደው። ሁለቱም በቂ ምክንያት ነበራቸው። የጎንደር ደብተራ ግን ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ነው የቀረው።

ደግሞ ማርሴል ግሪዮል አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ የአባ እንጦንዮስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አስነስቶ በምትኩ ቅጂ አስለጥፎ ወደ ፓሪስ ወሰደ፤ ብዙ የብራና መጻሕፍትም ይዞ ሄደ። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ1935 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎችና መዝናኛዎች አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ለልጅ ጨዋታ እንኳ ግድ የነበረው ሰው ነው ማለት ነው። ሰብሳቢ ግዴለሽ አይደለም። ይወዳል፤ ወዶም ይወስዳል።

እንግዲህ ማዳን ለአዳኙ ምን መብት ይሰጠዋል? ልጅ ከወንዝ ያወጣ ሰው ልጁን ይወርሳል? በአማርኛ "አደራ" የምንለው ቃል እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። አደራ ተቀባይ ዕቃውን ይጠብቃል፣ ከእሳት ያወጣዋል፤ ባወጣው ቁጥር ግዴታው ይጠነክራል እንጂ ዕቃው የእሱ አይሆንም። "አደራ በላ" በአገራችን ከሌባ የከፋ ስድብ ነው። የእኔዋ መጽሐፍ ላይ ደግሞ አደራው በእርሳስ ተጽፎበታል።

አንድ ወጣት ባልደረባዬ ጉዳዩን ሳጫውተው ሳቀብኝ። "ጋሼ፣ በስልክህ ፎቶ አንሳትና ቴሌግራም ላይ ልቀቃት። በቃ።" አልኩት፣ የሰውን አዲስ ልብ ወለድ እየቃኛችሁ በቴሌግራም ስትለቁ ደራሲው በረሃብ ያልቃል፤ ተከራከርን። ልጁ ግን በዚህኛው ትክክል ነበር። የገና ግጥም ደራሲ የለውም፤ የሚጎዳ አሳታሚም የለም። ታዲያ ለምን አላደረግሁትም? ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከቢሮዬ ሥር ነው። ሦስት ወር ሙሉ በፊቱ አለፍኩ። አንድ ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዣት ወርጄ፣ ሰልፉ ረዘመ ብዬ ተመለስኩ። ሦስት ሰው ነበር የተሰለፈው።

በመጨረሻ ሠላሳ ኮፒ አስነሳሁ። ስንት እንደከፈልኩ አላስታውስም፤ ልጅቷ ወረቀቱን ስትቆጥር ሆዴ ሲቆረጥ ግን አስታውሳለሁ።

በ2014 ነሐሴ ጦርነቱ እንደገና ቆቦ ደርሶ ነበርና መሄድ አልተቻለም። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ የ2015ን ገና እዚያው ዋልኩ። ያቺን ዋናዋን ቅጂም ይዤ ነበር፤ ለትምህርት ቤቱ አስረከብኩ። ቁም ሣጥን አልነበራቸውም፤ ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛቸው መሳቢያ ውስጥ አስገቧት። መሳቢያው ቁልፍ የለውም። ይህን ሳይ የሰብሳቢነት ዛሬ እንደገና ተነሳብኝ፤ "እንዴት እዚህ ትቀመጣለች?" ልል ከጫፍ ደርሼ ዋጥሁት።

ከሰዓት በኋላ ከእናቴ አጎት ዘንድ ሄድኩ። ሰማንያን ያለፉ ናቸው። በጦርነቱ ወቅት ቤታቸውን ለቀው አልወጡም። ከኮፒው አንዱን ሰጥቻቸው፣ ዓይናቸው ስለደከመ እኔው አነበብኩላቸው። እያንዳንዱን ግጥም በጥሞና ሰሙና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ይኼ ልክ አይደለም" አሉ።

"እንዴት፣ አባባ?"

"እኛ እንዲህ አላልንም። ይኼ የዚያ ዓመቱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት እኮ ሌላ ነው የምንለው። መምህሩ ደግ ሰው ነው፤ ነገር ግን የአንድ ዓመቱን ስድብ ጻፈና ለዘላለም አደረገው።"

ክርር ብዬ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት እንደ ታቦት ያስቀመጥኳት ነገር ለእርሳቸው የአምናን ወሬ የመሰለች ነበረች። "ታዲያ እርስዎ ስንቱን ያስታውሳሉ?" አልኳቸው፤ ልክ ስልኬን አውጥቼ ልቀዳቸው ስል። የሰብሳቢ እጅ አይቦዝንም።

"ምን አስታውሳለሁ፣ አሁን የምለው አላጣም እንጂ።" ከደጅ የሚጫወቱትን የጎረቤት ልጆች ጠሯቸው። ልጆቹ ዱላቸውን እየጎተቱ፣ አቧራ ለብሰው ገቡ። ሽማግሌው ያቺን ከላይ የጠቀስኳትን ግጥም አንዴ ደግሜ እንዳነብላቸው አዘዙኝ። አነበብኩ። ጥቂት ዝም አሉና፣ በበትራቸው ወደ እኔ እየጠቆሙ፣ ለልጆቹ እንዲህ ብለው አስያዟቸው፦

ያዲስ አበባ ሰው ሮጦ ሮጦ ሮጦ፣
እሩሯን ፈለጋት በኪሱ አስቀምጦ።

ስለ እርሳሱ ጽሑፍ፣ ስለ ሦስቱ ወር ምንም አልነገርኳቸውም ነበር። ልጆቹ ግጥሟን እየደጋገሙ ሮጠው ወጡ፤ ማምሻውን ወደ መናኸሪያው ስሄድም አንዱ ከአጥር ላይ ሆኖ እያየኝ ይላት ነበር።